የፈላ ውሃ የሚሸጥበት ሰፈር

እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ብዙ ጊዜ ላወራው ጀምሬ የተውኩት ነገር አለ። ዛሬ እስከ መጨረሻው ልሂድበት።

ሻንጋይ ለትምህርት በሄድኩበት ዓመት መጀመሪያ የገረመኝ የውሃው ነገር ነበር። በተማሪ ማደሪያችን ምድር ቤት የፈላ ውሃ የሚቀዳበት ክፍል አለ። ማታ ማታ በሩ ላይ ፔርሙዝ በሰልፍ ተደርድሮ ታያላችሁ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አበባ የተሳለበት። አንዳንዱ እጀታው ላይ የባለቤቱ ስም በፕላስተር ተለጥፎበታል። ሰው ሁሉ የሚጠጣው የፈላ ውሃ ነው፣ በጋ ክረምት ሳይል። ቅጠል የለው፣ ስኳር የለው።

ለእናቴ በስልክ ነገርኳት።

«ባዶውን?» አለችኝ።

«ባዶውን፣ እማ።»

«ምነው፣ ሻይ ጠፍቶ ነው?»

ከዚያ በኋላ በደወለች ቁጥር ከሰላምታው ቀጥላ «አሁንም ባዶ ውሃ ነው?» ትለኝ ነበር። እኔም ቀስ በቀስ ለመድኩት። ብርድ ሲሆን ኩባያውን በሁለት እጅ ይዞ መሞቁን ወደድኩት።

ታዲያ በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ቅዳሜ ሆንግኮው የሚባል ሰፈር ሄድኩ። ለማደሪያችን ሩቅ አይደለም። አንድ የድሮ ምኩራብ አለ፣ ኦሄል ሞሼ ይባላል። ከሩሲያ የመጡ አይሁዳውያን ይጸልዩበት የነበረ ነው። አሁን የአይሁዳውያን ስደተኞች ሙዚየም ሆኗል። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ዝናብ ስለያዘኝ ነው። ስወጣ ግን መሽቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩትም።

ታሪኩን ለማታውቁት ላስታውሳችሁ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1938 ማርች ላይ ናዚዎች ኦስትሪያን ያዙ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር በአንድ ሌሊት በመላው ጀርመንና ኦስትሪያ ምኩራቦች ተቃጠሉ፣ የአይሁዳውያን ሱቆች መስታወት ረገፈ። ወደ 30,000 የሚሆኑ ወንዶች ታፍሰው ዳካው፣ ቡኸንቫልድና ዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ካምፖች ገቡ። ያን ጊዜ ገና አይሁዳውያንን ጨርሶ የማጥፋቱ እቅድ አልተጀመረም። ከአገር ለቆ እንደሚሄድ ማስረጃ የቀረበለት ሰው ሊፈታ ይችል ነበር። ስለዚህ ሚስቶችና እናቶች ከቆንስላ ቆንስላ ይዞሩ ጀመር። የየአገሩ በር ግን ዝግ ነው። ኮታ ሞልቷል፣ ቆዩ፣ ዘመድ አላችሁ ወይ፣ ገንዘብ አላችሁ ወይ።

ሻንጋይ ብቻ አትጠይቅም። ከተማዋ የተከፋፈለች ነበረች። እንግሊዝና አሜሪካ የሚበረቱበት ዓለም አቀፍ ሰፈር የሚባል አለ፤ የፈረንሳይ ይዞታ አለ። ጃፓን ደግሞ በ1937 ቻይናን ወርራ ዙሪያውን ይዛለች። በዚህ መሀል ወደቡ ላይ ቆሞ ፓስፖርትና ቪዛ የሚያይ ጠፋ። ለመግባት ወረቀት ባያስፈልግም ከናዚ እጅ ለመውጣት ግን ያስፈልግ ነበር። ቪየና የነበረው የቻይና ዋና ቆንስል ሆ ፌንግሻን ይህ ገብቶታል። አለቃው አቁም እያለው ለመጣው ሁሉ ቪዛ መታ። ያድ ቫሼም የሚባለው የእስራኤል የሆሎኮስት መታሰቢያ በ2000 ስሙን ከአሕዛብ ጻድቃን፣ አይሁዳውያንን ካዳኑ የሌላ ሕዝብ ሰዎች፣ ተርታ ሲያስገባ እሱ በሕይወት አልነበረም።

የሚጓዙት በጣሊያን መርከብ ነበር። ኮንቴ ቢያንካማኖ፣ ኮንቴ ቨርዴ፣ ኮንቴ ሮሶ። ከጄኖቫ ወይም ከትሪየስተ ተነስተው፣ በስዊዝ ቦይ አልፈው፣ ቀይ ባሕርን ይወርዳሉ። ካርታው ፊት ቆሜ ጣቴን በዚያ መስመር ላይ ሳስኬድ ትንሽ ቆምኩ። 1938 እና 1939 አገራችን በጣሊያን ወረራ ሥር የነበረችበት ጊዜ ነው። በምጽዋ ትይዩ፣ የወራሪውን ባንዲራ በሰቀለ መርከብ፣ ሌላ የተገፋ ሕዝብ ነፍሱን ይዞ ያልፍ ነበር። ስለዚህ ነገር ማንም ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

ናዚዎች አንድ ሰው ይዞ እንዲወጣ የሚፈቅዱት 10 ማርክ ነበር። የቀረው ይወረሳል። ሰው ያለችውን አሟጦ ለመርከቡ ከፈለ፣ ጥሩ ክፍል ያገኘም በጥሩ ክፍል ሄደ። አራት ሳምንት ገደማ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ፣ አስተናጋጅ እየታዘዘላቸው በሉ። ከዚያ ሻንጋይ ወደብ ላይ የጭነት መኪና ጠበቃቸው። ሴቶች ኮፍያና ጓንት እንዳደረጉ ካሚዮን ላይ ወጡ። መኪናው ያወረዳቸው እነሱ በጀርመንኛ «ሃይም» በሚሉት መጠለያ ነው። ሃይም ቤት ማለት ነው። አዳራሹ ውስጥ አልጋ በአልጋ ላይ ተደራርቧል። አንድን ቤተሰብ ከሌላው የሚለየው የተንጠለጠለ አንሶላ ነው። ቆርቆሮ ሳህን ይዘው ለሾርባ ተሰለፉ።

የካሚዮኑ ነገር ከውስጤ አይወጣም። አራት ሳምንት ሙሉ ሰው ሆነህ ተቀምጠህ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጭነት መሆን።

እስከ 1941 ድረስ ከመካከለኛው አውሮፓ ብቻ ወደ 18,000 የሚጠጉ ገቡ። ጥቂት የነበራቸው በፈረንሳዮቹ በኩል ቤት ያዙ። ብዙው ግን የቀረው ሆንግኮው ነው፣ ያኔ ሆንግኪው ይሉታል። ርካሽ ነበር። ርካሽ የሆነውም ስለወደመ ነው። በ1937ቱ ውጊያ ሰፈሩ ተደብድቦ ነበር። ስደተኞቹ ሲመጡ ፍርስራሹ ገና አልተነሳም። ቻይናዎቹ ጎረቤቶቻቸውም ብዙዎቹ ከጦርነት ሸሽተው የገቡ፣ በገዛ አገራቸው የተፈናቀሉ ናቸው። ይሄ ሁልጊዜ እንዲነሳ እፈልጋለሁ። ታሪኩ ሲነገር ቻይናው ከኋላ እንደተሳለ ሥዕል ይሆናል። በክረምት ጠዋት በረሃብና በብርድ የሞተ ሰው በሰሌን ተጠቅልሎ መንገድ ዳር ይገኝ ነበር፣ የሕፃን አስከሬን ጭምር። እነዚያ ሟቾች ቻይናዎች ነበሩ።

እንግዲህ የኔ ልብ ያለው ከዚህ በኋላ ባለው ነው። ማን አዳናቸው፣ እንዴት አመለጡ የሚለው ተጽፏል፣ ይጻፍም። እኔ ግን ሙዚየሙ ውስጥ ስዞር የምፈልገው ሌላ ነበር። ቀኑን እንዴት ነው የገፉት? እኛ ቀን መግፋት እንላለን አይደል? እነዚህ ሰዎች ያን ግዙፍ ነገር በየጠዋቱ በእጃቸው ሲገፉት ኖሩ። ስንት ዓመት እንደሚገፉት ሳያውቁ።

ጠዋቱ የሚጀምረው በፖፖ ነው። ቤቶቹ በጠባብ ቅያስ ግራና ቀኝ የተያያዙ፣ የጡብ ናቸው። አንድ ቤተሰብ አንድ ክፍል ያገኛል። አብዛኛው ሽንት ቤት የለውም። ጎህ ሳይቀድ ጋሪ የሚገፋ ሰው ይመጣል፣ እያንዳንዱ በር ከፍቶ ፖፖውን ያወጣል። ገበሬዎች ለማዳበሪያ ይፈልጉታል፣ ስለዚህ ይወሰዳል። ከዚያ ሴቶቹ በቀርቀሃ መጥረጊያ ሲፈገፍጉ መንደሩ በሙሉ ይሰማል። የቪየና ጠበቃ ሚስት፣ የበርሊን ሐኪም ሚስት፣ ከጎኗ የቻይና ጫማ ሰፊ ሚስት። እኩል ጎንበስ ብለው።

ቀጥሎ እሳት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሙዚየሙ ውስጥ አንድ ምድጃ አየሁ። የአበባ መትከያ ማሰሮ ያህላል። ከታች አመድ የሚወጣበት አፍ አለው። ቆሜ ሳየው ከኛ ቤት የመጣ መሰለኝ። እናቴ በረንዳ ላይ የምታቀጣጥለው የከሰል ማንደጃ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። እነዚህ ሴቶች አገራቸው ላይ የጋዝ ምድጃ ነበራቸው፣ አንዳንዶቹም ሠራተኛ። እዚህ ምድጃውን ወደ ውጭ አውጥተው፣ በስንጥርና በወረቀት አያይዘው፣ ቁጭ ብለው ያራግባሉ። ያስተማሯቸው ቻይና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ማራገቢያው እንዴት እንደሚያዝ፣ ጭሱ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ፣ መቼ መተው እንዳለበት። ቋንቋ የላቸውም። በእጅ ነው የተማሩት።

ከሰሉም ደህና ከሰል አይደለም። የድንጋይ ከሰል ብናኝ ከጭቃ ጋር ተለውሶ፣ በእጅ ተድቦልቡሎ ደርቆ ነው። ድስቱን ለማፍላት የሚበቃውን ያህል ይሰላል። አንድ ፍሬ ከበዛ ለነገ ይጎድላል። ስለዚህ ለውሃ አይነድም። ውሃ ይገዛል።

የሻንጋይ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣም። ተቅማጡ፣ ታይፎይዱ፣ ኮሌራው፣ ሁሉም ውሃ ውስጥ አለ። በየቅያሱ ጫፍ ላይ ትልቅ ምድጃ ያለው፣ የፈላ ውሃ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ነበር። ቻይናዎቹ «የነብር ምድጃ» ይሉታል። ሰው ማንቆርቆሪያውን ወይም ፔርሙዙን ይዞ ይሰለፋል። የሚከፈለው ቀድሞ በተገዛ ምልክት ነው፣ በተቆራረጠች ትንሽ የቀርቀሃ እንጨት። ባለሱቁ እንጨቷን ይቀበላል፣ በትልቅ ጭልፋ ይቀዳል። ልጆች ይላካሉ። ትኩስ ማንቆርቆሪያ ይዞ በዚያ ጠባብ መንገድ፣ በሪክሾና በተሸካሚ መሀል፣ ሳያፈሱ መመለስ የልጅ ሥራ ነበር።

ይህን ባወቅሁ ማታ ማደሪያዬ ተመልሼ ፔርሙዜን ልቀዳ ወረድኩ። ተሰልፌ ቆምኩ። ከፊቴ የነበረችው ልጅ ስልኳን እያየች ነው። ክፍሉ በእንፋሎት ሞልቷል። ለካ ይሄ ሰልፍ ረጅም ነው ብዬ አሰብኩ።

አትክልት በፖታስየም ፐርማንጋኔት ተዘፍዝፎ ካልታጠበ አይበላም። ክረምቱ እርጥብ ብርድ ነው፣ አጥንት ይገባል። በጋው ደግሞ ላብ ከሰው ላይ አይደርቅም፤ ሌሊት ትኋኑ ስለማያስተኛ ሰው ጣሪያና መንገድ ላይ ይተኛል። ክትባት በየጊዜው ግዴታ ነበር። እንዲያም ሆኖ ብዙ ሰው ታሞ ሞተ።

ወንዶቹ ተጎዱ። የጀርመንን ሕግ ጠንቅቆ የሚያውቅ ጠበቃ ሻንጋይ ላይ ምን ይሠራል? ጋዜጣ አዙሮ ሸጠ። ሌላው ካሜራውን ሸጠ፣ ቀጥሎ ካፖርቱን፣ ቀጥሎ የሚስቱን የጥልፍ አንሶላ። ከቀሩት ማስታወሻዎች የሚወጣው ሴቶቹ ቶሎ እጃቸውን ማሰናዳታቸው ነው። ሹራብ ሠሩ፣ ኬክ ጋገሩ፣ ቆብ ሰፉ። ባል ተቀምጦ ሲያስብ ሚስት ያገኘችውን ሠራች። ይህንን እኛም ቤት አውቀዋለሁ። አባቴ ከሥራ የወጣ ጊዜ እናቴ ዳቦ ደፍታ ለሰፈር ሱቅ ስታስረክብ ያደግኩ ልጅ ነኝ። አባቴ ሰነፍ አልነበረም። ስሙን ሲያጣ እጁ አብሮ ታሰረበት። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ ተቀይሜው ነበር። የሻንጋዮቹን ወንዶች ካነበብኩ በኋላ ነው ደውዬ ብዙ ያወራሁት።

ደግሞ ሙዚቃው! ቹሳን የሚባለውን መንገድና አካባቢውን ትንሿ ቪየና ብለውታል። ካፌ ከፈቱ፣ ዳቦ ቤት ከፈቱ፣ ከፍርስራሹ መሀል። ቡና በክሬም፣ የፖም ኬክ። በጀርመንኛ ጋዜጦች ያትማሉ። ቲያትር ይሠራሉ፣ የእግር ኳስ ቡድኖች አቋቁመው ይጫወታሉ። አልፍሬድ ቪተንበርግ የሚባል ታዋቂ ቫዮሊን ተጫዋች ቻይናውያን ወጣቶችን አስተማረ፣ ጦርነቱ ካለቀም በኋላ እዚያው ቀርቶ እስከ ሞቱ ድረስ አስተማረ። «ነጭ ፈረስ» የሚባል ካፌያቸው ነበር፣ ለመንገድ ሥራ ፈርሶ አሁን ሙዚየሙ አጠገብ እንደገና ተሠርቷል። ገብቼ ቡና ጠጥቻለሁ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያ ተመችቷቸው ነበር ማለት ነው» ይላል። አልተመቻቸውም። አንድ ስኒ ቡና ይዞ ሦስት ሰዓት የሚቀመጠው ሰው ቤቱ መቀመጫ ስለሌለው ነው። ደግሞ በዚያች ስኒ ፊት «ሄር ዶክተር» ተብሎ ይጠራል። ሌላ ቦታ የሚጠራው የለም።

ለልጆቹ ትምህርት ቤት ተሠራላቸው። ሻንጋይ ውስጥ ከነሱ በፊት ከባግዳድ መጥተው የከበሩ አይሁዳውያን ነበሩ፣ እነ ሳሱን፣ እነ ካዱሪ። ሆራስ ካዱሪ ያቋቋመው ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ልጁ ቤት ጀርመንኛ፣ ክፍል እንግሊዝኛ፣ ውሃ ሲቀዳ የሻንጋይ ቻይንኛ። ከእነዚህ ልጆች አንዱ ማይክል ብሉመንታል ነው። በ13 ዓመቱ ገደማ መጥቶ ቹሳን መንገድ ላይ አደገ። በኋላ በፕሬዚዳንት ካርተር ዘመን የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። ቤቱ ያለበትን ቅያስ ሄጄ አይቼዋለሁ። ቀይ ጡብ ነው። መስኮቱ ላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ ሰው ይኖርበታል።

ዲሴምበር 1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን ስትመታ ሁሉ ነገር ተለወጠ። ዓለም አቀፉ ሰፈርም በጃፓን እጅ ገባ። ከአሜሪካ የሚመጣው እርዳታ ተቋረጠ፣ አሜሪካና ጃፓን ጠላት ሆነዋልና። ሃይሞቹ ውስጥ በዚያ ምግብ ብቻ የሚኖር በሺህ የሚቆጠር ሰው ነበር።

ላውራ ማርጎሊስ የምትባል ሴት ነበረች፣ ጆይንት የተባለው የአሜሪካ አይሁዳውያን የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ። በ1941 ነው የመጣችው። ጦርነቱ በተጀመረ ጊዜ ራሷ የጠላት አገር ዜጋ ሆነች። እሷ ግን የጃፓኑን የባሕር ኃይል መኮንን፣ ካፒቴን ኢኑዙካን፣ ሄዳ አነጋገረችው። ገንዘብ ከዚሁ ከከተማው ሰዎች ልበደር፣ ከጦርነቱ በኋላ ድርጅቴ ይከፍላል አለችው። ፈቀደ። በስደተኞቹም በኩል ወጥ ቤቱን እንዳለ አፍርሳ አደራጀችው። የድሮው ምድጃ ከሰል ይፈጃል። በእንፋሎት የሚያበስሉ ትልልቅ ጋኖች አስተከለች፣ ባነሰ ከሰል ብዙ ሰው እንዲበላ።

ለዚህች ሴት ያለኝን ፍቅር አልደብቅም። ስለ ጀግና ስናወራ ጠመንጃ ይዞ ወይም ንግግር አድርጎ ነው የምናስበው። እሷ የሚያንስ ከሰል የሚበላ ጋን ፈለገች። በቀን አንድ ጊዜ ሾርባና ዳቦ እንዳይቋረጥ። በኋላ እሷንም ጃፓኖች ካምፕ አስገቧት፣ በ1943 በእስረኛ ልውውጥ ተለቀቀች።

በዚያው ዓመት፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1943፣ አዋጅ ወጣ። ከ1937 ወዲህ የመጡ «ዜግነት የሌላቸው ስደተኞች» ሁሉ እስከ ሜይ 18 ድረስ ሆንግኮው ውስጥ ወደተከለለ ስፍራ ይግቡ ይላል። አይሁድ የሚል ቃል አዋጁ ውስጥ የለም። ሁሉም ግን ማን እንደተባለ ገባው። ናዚ ፓስፖርታቸውን ቀምቶ ዜግነት አሳጣቸው፤ ያንኑ ዜግነት ማጣት ጃፓን መጥሪያ ስማቸው አደረገችው። ስፍራው ወደ 2.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ወደ 100,000 ቻይናውያን ይኖሩበታል። እነሱ ውጡ አልተባሉም፣ ስደተኛው ተጨመረባቸው። በሌላው ሰፈር ሱቅ ወይም ቤት ያቆመ ሁሉ በረከሰ ዋጋ ሸጦ ገባ።

አጥር አልነበረውም። ግድግዳ የለ፣ እሾህ ሽቦ የለ። መንገዱ ጫፍ ላይ ሰሌዳ ይቆማል፣ «ያለ ፈቃድ ማለፍ ክልክል ነው» የሚል። ዘብ የሚቆሙትም ስደተኛ ወንዶች ራሳቸው ናቸው፣ በተራ፣ ክንዳቸው ላይ ጨርቅ አስረው። ጎረቤትህ ነው ወረቀትህን የሚያየው።

ወረቀቱን የሚሰጠው ጎያ የሚባል ጃፓናዊ ሹም ነበር። ራሱን «የአይሁዳውያን ንጉሥ» ብሎ ጠራ። ከክልሉ ውጭ ሥራ ያለው ሰው በፀሐይና በዝናብ ተሰልፎ እሱ ፊት ይቀርባል። ሲያሰኘው ይፈቅዳል፣ ሲያሰኘው ይሰድባል፣ በጥፊ ይመታል። የተፈቀደለት ሰው ደረቱ ላይ ባጅ ያደርጋል፣ «ማለፍ» የሚል የቻይና ፊደል ያለበት። በሰዓቱ ካልተመለሰ እስር ቤት ይገባል። እስር ቤቱ ውስጥ በቅማል የሚመጣ ታይፈስ አለ። ገብቶ የወጣ፣ ወጥቶ ግን የሞተ ሰው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እኔም ቪዛዬን ላሳድስ አንድ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሁለት ጠዋት ተሰልፌ ነበር። ሦስተኛው ቀን መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ወረቀቴን ሳያየው ገፍቶ መለሰልኝ። የኔ ከነሱ ጋር አይወዳደርም፣ የምሄድበት አገር ነበረኝ። ነገር ግን ወረቀት በጣት ተገፍቶ ሲመለስላችሁ ፊታችሁ ላይ የሚወጣውን ሙቀት አወቅሁት። ያ ሙቀት ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ ቢመጣስ?

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚጠናም አለ። ሚር የሚባለው ከፖላንድ የመጣ የሺቫ፣ የኦሪትና የታልሙድ ትምህርት ቤት፣ ከነመምህሩ ከነተማሪው ሻንጋይ ደርሶ ነበር። ሊትዌኒያ ካውናስ በነበረው ጃፓናዊ ቆንስል በቺዩኔ ሱጊሃራ ቪዛ፣ በሳይቤሪያና በጃፓን ኮቤ አድርገው። ቤት አሃሮን በተባለ ምኩራብ ተቀምጠው ሌት ተቀን አነበቡ። መጽሐፍ ሲያልቅባቸው ታልሙድን እዚያው ሻንጋይ አሳተሙ። ይህንን ሳነብ የኛ የቆሎ ተማሪ ትዝ አለኝ፣ በረሃብ ላይ ዜማ የሚያጠና።

ጁላይ 17 ቀን 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ሰፈሩን ደበደቡ። የጃፓን የራዲዮ ጣቢያ ነው የፈለጉት። ከ30 በላይ ስደተኞችና በመቶዎች የሚቆጠሩ ቻይናውያን ሞቱ። ስደተኞቹ ሐኪሞች ቻይናውን አይሁዱን ሳይለዩ ሲያክሙ ዋሉ፣ ፋሻ ሲያልቅ አንሶላ እየቀደዱ። ያ የሚስት የጥልፍ አንሶላ ሳይሸጥ የቀረው እዚያ አለቀ ብዬ አስባለሁ። ከአንድ ወር በኋላ ጦርነቱ አበቃ።

ከዚያ ደግሞ ስሞቹ መጡ። ከአውሮፓ በሕይወት የተገኙ ሰዎች ዝርዝር ታይፕ ተደርጎ ሆንግኮው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሰው ጣቱን ወረቀቱ ላይ እያስኬደ የእናቱን ስም ፈለገ። የእህቱን። የአጎቱን ልጆች። ብዙዎቹ አላገኙም። እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ላይ ከነሱ በላይ የተጎዳ ያለ አልመሰላቸውም ነበር። ሻንጋይ ምን እንዳደረገችላቸው የገባቸው እዚያ ግድግዳ ሥር ነው።

ተበተኑ። አሜሪካ፣ አውስትራሊያ፣ ከ1948 በኋላ እስራኤል። ዛሬ ሙዚየሙ ግቢ ውስጥ የመዳብ ግድግዳ አለ፣ በ2014 ሲቆም 13,732 ስም ተቀርጾበት ነበር። በዚያ ግድግዳ ላይ ያሉት በሕይወት ሻንጋይ የደረሱት ናቸው።

ሙዚየሙን መጀመሪያ ባየሁበት ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። መርከቡን፣ ካሚዮኑን፣ ጎያን፣ የቀርቀሃ እንጨቷን። ዝም ብላ ሰማችኝ። እናቴ ስለ ሂትለር ብዙም አታውቅም። ስጨርስ እንዲህ አለችኝ።

«ሴቶቹ ከሰሉን በምንድነው የሚለውሱት አልሽ?»

«በጭቃ፣ እማ። ብናኙን ከጭቃ ጋር።»

ትንሽ ቆየች።

«ክረምት ሲሆን አይደርቅላቸውም እኮ» አለች። «እርጥቡን ካነደዱት ጭሱ ዓይን ያጠፋል። ልጆቹን የት ነበር የሚያስቀምጧቸው?»